ደቻቱን በአራት ኮር፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ጥቅምት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ እሑድ

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ያለችው የኮምፒውተር ጥገና ክፍሌ ዛሬ ለደንበኛ ዝግ ናት። ጥግ ላይ ሦስት አሮጌ የቢሮ ኮምፒውተሮች ደርድሬአለሁ፤ በጨረታ ከወጡ ዕቃዎች መካከል መርጬ የገዛኋቸው ናቸው። የሦስቱም ፕሮሰሰር ኢንቴል ኮር 2 ኳድ ኪው 6600 ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ፣ በ2.4 ጊጋኸርዝ የሚሠራ፣ አራት ኮር (ራሱን ችሎ የሚያሰላ ክፍል) ያለው። ሐሳቤ አጽድቼ መሸጥ ነበር። ከመሸጤ በፊት ግን ለዓመታት ሲያብሰለስለኝ የቆየ አንድ ሥራ ላሠራባቸው ወሰንኩ።

ሥራው የደቻቱን ውሃ መከተል ነው። የድሬዳዋ ሰው እንደሚያውቀው ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ውሃ የሌለው የአሸዋ ወንዝ ነው፤ ከዚራን ከመጋላ ለይቶ በከተማዋ መሀል ያልፋል። በ1998 ዓ.ም. በሐምሌ መጨረሻ፣ ሌሊት፣ ከደቡብ ተራሮች የወረደው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ገደለ። እኔ ያኔ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ። በማግሥቱ አንድ የብረት በር ከነማጠፊያው ተነቅሎ፣ ቁልፉ እንደተቆለፈ፣ ግማሹ አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ አየሁ። እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

የመሬቱን ከፍታ የሚሰጠኝ መረጃ አለ። ኢንዴቨር የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በየካቲት 2000 ለ11 ቀናት ምድርን እየዞረች በራዳር የለካችው ነው፤ ለማንም ክፍት ነው። መረጃው የሚታደለው በአንድ ዲግሪ በአንድ ዲግሪ ቁራጭ ነው። ድሬዳዋ ያለችበት ቁራጭ ከ9 እስከ 10 ዲግሪ ሰሜን፣ ከ41 እስከ 42 ዲግሪ ምሥራቅ ያለው ሲሆን ሐረር ደግሞ በስተምሥራቅ ባለው ቀጣዩ ላይ ትወድቃለች። አንዱ ቁራጭ 3,601 በ3,601 ነጥብ ነው፤ በጠቅላላው 12,967,201። በነጥብና በነጥብ መካከል ያለው ርቀት ወደ 30 ሜትር ይደርሳል።

ችግሩ የራዳሩ ልኬት በጥቂት ሜትሮች መሳሳቱ ነው። በሜዳ ላይ ጥቂት ሜትር ማለት የወንዝ አቅጣጫ ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ጊዜ አስልቶ “ውሃው በዚህ ያልፋል” ማለት አይቻልም። ያሰብኩት ከፍታዎቹን በስሕተቱ ልክ በዕጣ ከፍ ዝቅ እያደረግሁ ስሌቱን ሺህ ጊዜ መድገም፣ ከዚያም ውሃው በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ ስንት ጊዜ እንዳለፈ መቁጠር ነው። አምስት የስሕተት መጠኖችን ልሞክር፤ በድምሩ 5,000 ዙር ይሆናል።

ጥቅምት 5

የመጀመሪያው ውጤት ድሬዳዋን ከባሕር ወለል በታች 20,476 ሜትር ላይ አስቀመጣት። ፋይሉ እያንዳንዱን ቁጥር በሁለት ባይት ሲጽፍ ትልቁን ባይት ያስቀድማል፤ የእኔ ማሽን ደግሞ ትንሹን ያስቀድማል። 1,200 ሜትር የሚለው ቁጥር ባይቶቹ ሲገለበጡ −20,476 ይሆናል። ገለበጥኳቸው፤ ተራሮቹ ወደ ቦታቸው ተመለሱ።

ፕሮግራሙን በሲ ቋንቋ ጽፌ በአንድ ኮር ብቻ አስኬድኩት። አንዱ ዙር 13.6 ሰከንድ ፈጀ። ከዚህ ውስጥ ከፍታዎቹን በዕጣ ማወዛወዙ 3.1፣ ሐሰተኛ ጉድጓዶችን (በልኬት ስሕተት የተፈጠሩ፣ ውሃውን የሚያስቀሩ) መሙላቱ 6.8፣ ለእያንዳንዱ ነጥብ የውሃውን አቅጣጫ መፈለጉ 1.1፣ ውሃውን እየደመሩ ማውረዱ 2.0፣ ማንበብና መጻፉ 0.6 ነው። አምስት ሺህ ዙር ወደ 19 ሰዓት ይጠጋል። 19 ሰዓት ሙሉ መብራት ሳይጠፋ ይቆያል ብዬ መነሳት አልችልም፤ ያለኝ ዩፒኤስ የሚያቆየኝ ማሽኑን በሥርዓት ለመዝጋት የሚበቃ ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ ሥራውን ለአራቱም ኮሮች ማከፋፈል አለብኝ።

ጥቅምት 10

ከመጀመሬ በፊት ለራሴ አንድ ነገር ለይቼ መጻፍ አለብኝ፤ ደንበኞቼ ብዙ ጊዜ የሚያደናግሩት ይህ ነው። አራት ኮር ያለው ማሽን የገዛ ሰው ፕሮግራሙ አራት እጥፍ ይፈጥናል ብሎ ይጠብቃል። ነገር ግን ትይዩነት ሁለት ቦታ ላይ መገኘት አለበት። አንዱ በሃርድዌሩ ነው፤ ማሽኑ በአንድ ጊዜ ስንት ነገር መሥራት ይችላል? ሌላው በሶፍትዌሩ ነው፤ ሥራው ራሱ ስንት ነገር በአንድ ጊዜ እንዲሠራ ይፈቅዳል? የመጀመሪያው በገንዘብ ይገዛል። ሁለተኛው አይገዛም፤ ሥራው ውስጥ ገብቶ ማን ማንን እንደሚጠብቅ መመርመርን ይጠይቃል።

አርተር በርንስታይን እ.ኤ.አ. በ1966 ይህን በሦስት ቅድመ ሁኔታዎች አስቀምጦታል። ሁለት ሥራዎች ጎን ለጎን ሊሄዱ የሚችሉት የመጀመሪያው የሚጽፈውን ሁለተኛው የማያነብ ከሆነ፣ ሁለተኛው የሚጽፈውን የመጀመሪያው የማያነብ ከሆነ፣ ሁለቱም አንድ ቦታ ላይ የማይጽፉ ከሆነ ነው። ከሦስቱ አንዱ ከፈረሰ ቅደም ተከተል መጠበቅ ግድ ነው።

በዚህ ሚዛን ሲታይ አቅጣጫ መፈለግ ንጹሕ ሥራ ነው። እያንዳንዱ ነጥብ ስምንት ጎረቤቶቹን ያይና ቁልቁለቱ ወደሚበረታበት ያመለክታል። የሚያነበው ከፍታ በዚህ ደረጃ አይለወጥም፤ የሚጽፈው በገዛ ቦታው ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ የነጥቦቹን ሰሌዳ ከላይ ወደ ታች አራት ቦታ ቆርጬ፣ ሥራን ለኮሮች በሚያከፋፍለው ኦፕን ኤምፒ በተባለ መሣሪያ፣ ለአራት ክሮች (ጎን ለጎን ለሚሄዱ የፕሮግራሙ ቅርንጫፎች) ሰጠሁ። በአንድ ክር 1.1 ሰከንድ የነበረው በአራት ክር 1.6 ሆነ።

ቀነሰ ሳይሆን ጨመረ። ሦስት ጊዜ ደገምኩት፤ ለውጥ የለም።

ማታ ላይ ነው የገባኝ። እያንዳንዱ ክር ወዴትም መፍሰስ ያልቻሉ ነጥቦችን እንዲቆጥርልኝ አራት ቆጣሪዎች አስቀምጬ ነበር፤ አራቱም በሜሞሪ ላይ ተጠጋግተው የተቀመጡ፣ እያንዳንዳቸው 8 ባይት። ፕሮሰሰሩ ከሜሞሪ የሚወስደው ግን በ8 ባይት ሳይሆን በ64 ባይት ጥቅል ነው። አራቱ ቆጣሪዎች አንድ ጥቅል ውስጥ ገብተዋል። አንዱ ኮር የራሱን ቆጣሪ በነካ ቁጥር የሌሎቹ ኮሮች ቅጂ ይሻርና ጥቅሉን እንደገና ማምጣት ይኖርባቸዋል። ኪው 6600 ደግሞ አራት ኮር ይባል እንጂ በውስጡ ሁለት ኮር ያላቸው ሁለት ቺፖች በአንድ ማቀፊያ የተቀመጡበት ነው፤ ከአንዱ ቺፕ ወደ ሌላው ለመሄድ ጥቅሉ ውጭ ወጥቶ በዋናው ባስ (ፕሮሰሰሩን ከሜሞሪ በሚያገናኘው መስመር) መዞር አለበት። በፕሮግራሙ ላይ ቢታይ ማንም የማንንም አይነካም። በሃርድዌሩ ላይ ግን አራቱ ክሮች አንዲት ጥቅል ሲነጣጠቁ ይውላሉ።

በቆጣሪዎቹ መካከል ባዶ ቦታ አስገብቼ አራራቅኋቸው። 0.33 ሰከንድ። የቀየርኩት አንድ መስመር ብቻ ነው።

ጥቅምት 12

ከሰዓት በኋላ አራቱንም ኮር ለረጅም ጊዜ አሠራሁ፤ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ፍጥነቱ መውረድ ጀመረ። ሙቀቱን ሳይ ከ90 ዲግሪ አልፏል፤ ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን እየተንቀራፈፈ ነው። ማቀዝቀዣውን ፈትቼ አወጣሁት። በላዩ ላይ የተጋገረው የድሬ አቧራ እንደ ጨርቅ ተገፈፈ፤ ሥር ያለው ቅባት ደግሞ ደርቆ በጥፍር ይፈረፈር ነበር። አጽድቼ፣ አዲስ ቅባት ቀብቼ መለስኩት። ከዚህ በኋላ ረጅሙን ሥራ ሌሊት ሌሊት አደርጋለሁ።

ብዙ ኮር ያላቸው ፕሮሰሰሮች ወደ ገበያ የመጡበትም ምክንያት ይኸው ሙቀት ነው። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2004 ፔንቲየም 4ን በ4 ጊጋኸርዝ ለማውጣት የያዘውን ዕቅድ ሰርዞ በ3.8 ጊጋኸርዝ አቆመው፤ በቀጣዩ ዓመት ባለ ሁለት ኮር ማውጣት ጀመረ። አንዱን ኮር ይበልጥ ማፍጠን ከሚያስከትለው ትኩሳት ይልቅ መጠነኛ ፍጥነት ያላቸውን ብዙ ኮሮች መደርደር ተመረጠ። ከዚያ ወዲህ የማፍጠኑ ሸክም ከሃርድዌር ሠሪው ወደ ፕሮግራም ጸሐፊው ትከሻ ዞረ ማለት ነው።

ጥቅምት 18

ከኮር በታችም ትይዩነት አለ። እያንዳንዱ ኮር 128 ቢት ስፋት ያላቸው መዝገቦች (የሚያሰላቸውን ቁጥሮች የሚይዝባቸው ቦታዎች) አሉት፤ የ16 ቢት ቁጥር ከሆነ በአንዱ ውስጥ ስምንት ይገባሉ። አንድ የመቀነስ ትእዛዝ ስምንት ነጥቦችን በአንድ ጊዜ ይቀንሳል። ማይክል ፍሊን እ.ኤ.አ. በ1966 ባወጣው አከፋፈል “አንድ ትእዛዝ፣ ብዙ ዳታ” የሚባለው መደብ ውስጥ የሚወድቅ ነው።

አቅጣጫ ፈላጊውን በዚህ መንገድ እንደገና ለመጻፍ ሦስት ምሽት ፈጀብኝ። “ይህ ጎረቤት ከዚያኛው ዝቅ ይላልን?” የሚለውን ጥያቄ ሁሉ አውጥቼ በማወዳደሪያ ትእዛዝ ተካሁት። በሰያፍ ያሉት ጎረቤቶች ይበልጥ ስለሚርቁ ልዩነታቸውን በ0.7071 ማባዛት ያስፈልጋል፤ ለዚህም የሚሆን ትእዛዝ አለ። በአንድ ኮር 1.1 ሰከንድ የነበረው 0.11 ሆነ። የጠበቅሁት ስምንት እጥፍ ነበር፤ ያገኘሁት አሥር ነው። ትርፉ የመጣው ከተወገዱት ጥያቄዎች ነው። ፕሮሰሰሩ መልሱን አስቀድሞ እየገመተ ወደፊት ይሠራል፤ ግምቱ ሲሳሳት የጀመረውን ጥሎ ይመለሳል። ተራራማ መሬት ላይ ደግሞ ወደ የትኛው ጎን እንደሚዘቀዝቅ መገመት ከባድ ነው።

በዚህ ደስታ መሀል ካርታውን ስከፍት ከሰሌዳው ሰፊ ክፍል የተሰበሰበ ውሃ ወደ ጋራ ሙለታ እየወጣ ነበር።

ጋራ ሙለታ በዚህ ቁራጭ ላይ ካሉት ተራሮች ሁሉ የሚልቅ፣ ከ3,300 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ነው። እኔ የሜትር ክፍልፋይ ለመያዝ ስል ከፍታውን ሁሉ በ10 አባዝቼ ነበር። ባለ 16 ቢት ቁጥር ደግሞ መያዝ የሚችለው እስከ 32,767 ብቻ ነው። ጫፉ ሞልቶ ተገለበጠና የታወቀው ተራራ ከ3,000 ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ሆነ፤ ውሃም ወደ ጉድጓድ ይሄዳል። በ10 ፋንታ በ8 አባዛሁ፤ ለሁሉም በቃ። ስምንት ነጥቦችን በአንድ ትእዛዝ ለመጨፍለቅ ጠባብ ቁጥር መምረጥ ያስከፍላል፤ ቁጥሩ በጠበበ መጠን ብዙ ይገባል፣ ነገር ግን የሚይዘው ያንሳል። እንዲህ ያለ ስሕተት ደግሞ ፕሮግራሙን አያቆመውም። ካርታውን ባልከፍት ኖሮ አላውቅም ነበር።

ጥቅምት 24፣ እሑድ

አሁን ዋናው። ውሃን መደመር።

እያንዳንዱ ነጥብ የራሱን አንድ ጠብታና ከላይ የመጣለትን ሁሉ ደምሮ ወደ ታች ያስረክባል። በአራት ክሮች ከፋፍዬ አስኬድኩት፤ ፈጠነ። ግን በሁለት ተከታታይ ሩጫዎች፣ በአንድ ዓይነት ከፍታ፣ ከሰሌዳው የወጣው ውሃ የተለያየ ሆነ። በሦስተኛው ሌላ። ውሃ ይጠፋል።

አንድ መገናኛ መርጬ ቁጥሩን በቁጥር ተከታተልኩ። በግራ የሚመጣው ገባር 41,200 ነጥቦች ያዋጡትን ይዟል፤ በቀኝ ያለው 18,350። መገናኛው የራሱን አንድ ጨምሮ 59,551 ማለት አለበት። የሚያሳየው 41,201 ነው። የሆነው እንዲህ ነው። አንዱ ኮር መገናኛው ላይ ያለውን ቁጥር አነበበ፤ 1 ነው። ያ ሳይጽፍ ሌላው ኮር አነበበ፤ ለእሱም 1 ነው። የቀኙ ደምሮ 18,351 ብሎ ጻፈ። የግራው ደምሮ 41,201 ብሎ በላዩ ጻፈበት። የቀኙ ወንዝ ሙሉ በሙሉ ከምድር ገጽ ጠፋ። የበርንስታይን ሦስተኛ ቅድመ ሁኔታ ነው የፈረሰው፤ ሁለት ጸሐፊ በአንድ ቦታ ተገናኙ።

መደመሩን በማይከፈል ትእዛዝ ማድረግ ይቻላል፤ አንዱ ሲደምር ሌላው እንዲጠብቅ የሚያስገድድ። ሞከርኩት። ውሃው ተመለሰ፣ ፍጥነቱ ግን በአንድ ኮር ከነበረው ብዙ አልተሻለም።

አመሻሹ ላይ ጎረቤቴ ሻይ ሊጠጡ መጡ። በምድር ባቡር ለረጅም ዓመታት በጣቢያ ሠራተኝነት ያገለገሉ አዛውንት ናቸው። ወረቀት ላይ የሣልኩትን መገናኛ አይተው ምንድን ነው ብለው ጠየቁኝ።

“አባባ፣ ሁለት ወንዝ እዚህ ይገናኛል፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ሲደርሱ አንዱ ሌላውን ያጠፋዋል” አልኳቸው።

“አቦ፣ ይኼማ የእኛ ሥራ ነበር እኮ ልጄ” አሉ። “ሐዲዱ አንድ ነው። ከጅቡቲ የሚመጣውም ከአዲስ አበባ የሚመጣውም በዚያው አንድ ሐዲድ ነው። የሚተላለፉት ጣቢያ ላይ ብቻ ነው። ታዲያ ባቡሩ በራሱ ፈቃድ ይገባል እንዴ? የሚጠራው ጣቢያው ነው። ጣቢያው ‘ግባ’ ካላለው ውጭ ይቆማል።”

ሻያቸውን ጨርሰው ከሄዱ በኋላ ያቺ “የሚጠራው ጣቢያው ነው” የምትለው አነጋገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለች። እኔ የጻፍኩት ተቃራኒውን ነው፤ የላይኛው ነጥብ ወደ ታችኛው ይገፋል። ብገለብጠውስ? እያንዳንዱ ነጥብ ወደ እሱ የሚፈስሱት ሁሉ እስኪጨርሱ ጠብቆ፣ ከዚያ ራሱ እየጠራ ቢደምራቸው? በአንድ ቦታ ላይ የሚጽፈው አንድ ብቻ ይሆናል። መቆለፍ አያስፈልግም።

ጥቅምት 27

ገለበጥኩት። ነጥቦቹን በደረጃ መደብኳቸው። የመጀመሪያው ደረጃ ማንም የማይፈስስባቸው ናቸው፤ የተራራ ጀርባና የኮረብታ ጫፍ፣ ከ5 ሚሊዮን በላይ። ቀጣዩ ደረጃ ከመጀመሪያው ብቻ የሚቀበሉት፣ እንዲህ እያለ ይወርዳል። በአንድ ደረጃ ውስጥ ያሉት እርስ በርስ አይጠባበቁም፤ ደረጃ ከደረጃ ግን ይጠባበቃል። ውጤቱ ከሩጫ ሩጫ አንድ ዓይነት ሆነ፤ መገናኛው 59,551 አለ።

የደረጃዎቹ ብዛት 7,016 ነው። ይህ ቁጥር ብዙ አስቆየኝ። የሰሌዳው ረጅሙ የውሃ መንገድ ርዝመት ነው፤ በዚህ ዘዴ ምንም ያህል ኮር ቢኖረኝ ከ7,016 ተራ ባነሰ ሊጨረስ አይችልም። አሥራ ሦስት ሚሊዮን የሚጠጋውን ነጥብ ለ7,016 ሳካፍለው በአማካይ ወደ 1,850 ይመጣል። ሥራው በአማካይ 1,850 ኮር ማሠራት ይችላል ማለት ነው፤ እኔ ያለኝ አራት። እንዲህ ሲታይ ትይዩነቱ የተትረፈረፈ ነው።

አማካይ ግን ያታልላል። ላይ፣ ተራራው ጫፍ፣ ሚሊዮኖች በአንድ ጊዜ መሥራት ይችላሉ። ወደ ታች በወረድን ቁጥር ገባሮቹ እየተገናኙ ይመናመናሉ። ከግማሽ በኋላ በአንድ ደረጃ ውስጥ የሚገኙት ነጥቦች ከአሥር አይበልጡም፤ በመጨረሻ አንድ ወንዝ፣ አንድ ነጥብ፣ ከዚያ ቀጣዩ ነጥብ። አራቱ ኮሮች ለአንዲት ነጥብ ተሰልፈው ይጠባበቃሉ። ስለዚህ በአንድ ደረጃ ያሉት ነጥቦች ከ500 ሲያንሱ ሦስቱን አሰናብቼ አንዱ ክር ብቻውን እንዲጨርስ አደረግሁ። በአራቱም ሲሠራ 1.2 ሰከንድ የነበረው 0.9 ሆነ።

የቀረው ጉድጓድ መሙላት ነው፤ ከሁሉም ትልቁ፣ 6.8 ሰከንድ። ዘዴው ከሰሌዳው ጠርዝ ይነሳና ሁልጊዜ ከወረፋው ዝቅተኛውን ነጥብ እያወጣ ወደ ውስጥ ይገባል። “ሁልጊዜ ዝቅተኛውን” የምትለዋ ቃል ሁሉንም በአንድ ሰልፍ ታቆማቸዋለች። ሰሌዳውን ቆራርጦ በኋላ ድንበሮቹን የሚያስታርቅ ዘዴም አለ፤ ነገር ግን ከእኔ ጊዜና ችሎታ አንጻር ከባድ ነው።

ጂን አምዳል እ.ኤ.አ. በ1967 ያነሳውን ክርክር ወረቀት ላይ አሰላሁት። ከ13.6 ሰከንዱ በተራ ብቻ የሚሄደው 7.4 ነው፤ መሙላቱ፣ ማንበቡና መጻፉ። ቀሪውን ወደ ዜሮ ባወርደው እንኳ 13.6 ለ7.4 ሲካፈል 1.84 ነው። ሺህ ኮር ብገዛ ከ1.84 እጥፍ አላልፍም። እስካሁን የደረስኩበት 9.2 ሰከንድ ነው፤ 1.5 እጥፍ እንኳ አልሞላም። ከሁለት ሳምንት በላይ ሌሊት ሌሊት ሠርቼ ይህን ቁጥር ማየት ያማል። ወረቀቱን ጥቅምት 5 ቀን፣ ጊዜውን በለካሁበት ዕለት፣ አውጥቼው ቢሆን ከየት መጀመር እንዳለብኝ ይነግረኝ ነበር።

ኅዳር 1፣ እሑድ

አንዱን ዙር ለአራት መክፈሉን ተውኩት። ዙሮቹ 5,000 ናቸው፤ አንዱ ዙር ሌላውን አይጠብቅም፣ ምንም አይለዋወጡም። ታዲያ ለምን አራት ዙር በአራት ኮር፣ እያንዳንዱ ብቻውን፣ አይሄድም? ክር የለ፣ መቆለፍ የለ፣ ሽሚያ የለ። ጉድጓድ መሙላቱ በተራ የሚሄድ ቢሆንም አራት ሙሊቶች ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ትይዩነቱ ከመጀመሪያውም እዚያ ነበረ፤ እኔ ዙሩ ውስጥ ገብቼ ስቆፍር ከዙሩ ውጭ ያለውን አላየሁም።

ባለ አንድ ክሩ ፕሮግራም፣ ጥቅምት 18 ቀን ያሻሻልኩት አቅጣጫ ፈላጊ ተጨምሮበት፣ ብቻውን ሲሄድ 12.6 ሰከንድ ይፈጃል። አራት በአንድ ጊዜ ሳስነሳ እያንዳንዱ 19.4 ሰከንድ ወሰደ። ማለትም ትርፉ 2.6 እጥፍ ነው። ከ1.5 ይሻላል፤ ከ4 ግን ሩቅ ነው።

ጥፋቱ የባሱ ነው። አራቱም ፕሮግራሞች እያንዳንዳቸው ብዙ አሥር ሜጋባይት ይዘው በሜሞሪው ላይ ወዲያና ወዲህ ይዘላሉ፤ ሁለቱ ቺፖች ያላቸው ካሽ (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ፈጣን ጊዜያዊ ማኅደር) እያንዳንዱ 4 ሜጋባይት ብቻ ነው፤ የተረፈው ሁሉ በአንድ ባስ ያልፋል። ኮሮቹ አራት ናቸው፤ ወደ ሜሞሪ የሚወስደው በር ግን አንድ።

ኅዳር 4

ታናሽ እህቴ ከትምህርት ተመልሳ መጣች። ሲቪል ምሕንድስና የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ናት። ስክሪኑን ለረጅም ጊዜ አየችው።

“ጋሼ፣ ይኼ ሁሉ ምንድን ነው?” አለች፤ በጣቷ ሰሜኑን ሜዳ እያሳየች።

“ቁራጩ ነው። እንዳለ ነው የማሰላው።”

“ደቻቱን አይደል የምትፈልገው? ከደቻቱ በታች ያለው መሬት ወደ ላይ አይፈስስ። ጋራ ሙለታስ ለደቻቱ ምኑ ነው?”

ምንም ልመልስላት አልቻልኩም። ደጋግሜ የምሠራው ስሌት በአብዛኛው ወደ ከተማችን ጨርሶ የማይደርስ ውሃ ነው። ሙሉውን ቁራጭ አንድ ጊዜ አስልቼ የደቻቱን ተፋሰስ ለየሁ፤ ከፍታው ሲወዛወዝ ድንበሩ ሊንቀሳቀስ ስለሚችል በዙሪያው ሰፊ ኅዳግ ተውኩ። የወጣው አራት ማዕዘን 900 በ1,100 ነጥብ ነው፤ 990,000፤ ከቀድሞው አንድ አሥራ ሦስተኛ።

አንድ ዙር 0.70 ሰከንድ። በነጥቦቹ ብዛት ልክ ቢሆን 0.96 መሆን ነበረበት፤ የቀረውን ያመጣው ሥራው ማነሱ ነው፣ አብዛኛው ጊዜ ከካሹ ስለማይወጣ። አራት በአንድ ጊዜ ሲሄዱ እያንዳንዱ 0.80፤ ትርፉ 3.5 እጥፍ። ባሱ ተነፈሰ። 5,000 ዙር 1,000 ሰከንድ ይሆናል፤ ከ17 ደቂቃ በታች፣ በአንዱ ማሽን ብቻ።

ከ19 ሰዓት ወደ 17 ደቂቃ። ከዚህ ውስጥ ትልቁን ድርሻ የወሰደው የእህቴ አንድ ጥያቄ ነው። ይህን የምጽፈው ሥራዬን ለማሳነስ አይደለም፤ ሽሚያውን ባልፈታ፣ ካሹን ባልረዳ ትንሹ ሰሌዳ ለምን እንደፈጠነ አላውቅም ነበር። ግን ወደፊት ሥራ ከመከፋፈሌ በፊት ከሥራው ምን መቀነስ እንደሚቻል ለማየት የሌላ ሰው ዓይን እጠራለሁ።

ኅዳር 8፣ እሑድ

ሁሉም 5,000 ዙር አለቀ። መብራትም አልጠፋም።

ካርታውን አትሜ ለአዛውንቱ ወሰድኩላቸው። ውሃው ከሺህ ዙር በዘጠኝ መቶው ያለፈበት ነጥብ ጥቁር ሰማያዊ ነው፤ አልፎ አልፎ ብቻ ያለፈበት ፈዘዝ ያለ። ከከተማዋ በላይ፣ ገደሎቹ ውስጥ፣ መስመሩ ቀጭንና ጥቁር ነው፤ ስሕተቱን ምንም ያህል ብጨምር ውሃው ሌላ መሄጃ የለውም። ወደ ሜዳው ሲወጣ ግን መስመሩ ይበተናል። በአንድ መታጠፊያ ላይ ከሺህ ዙር በሦስት መቶ ያህሉ ውሃው አልጋውን ለቆ ወደ ግራ ይወጣል።

መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ። መጀመሪያ ለገሃርን ፈለጉ፣ ከዚያ የደቻቱን አሸዋ በጣታቸው ወደ ላይ ተከተሉ። ያቺ መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

“እዚህ ጋ ነው የወጣው” አሉ።

የሰፈሩን ስም ነገሩኝ። እዚህ አልጽፈውም። ካርታዬ በ30 ሜትር ነጥብ የተሠራ ነው፤ ቤትና መንገድ አያይም። መረጃው የተለካው እ.ኤ.አ. በ2000፣ ከጎርፉ ስድስት ዓመት ቀድሞ ስለሆነ ከዚያ ወዲህ የተሠራው ግንብ የለበትም። በዚህ ወረቀት የማንም ቤት አደጋ ላይ ነው ወይም አይደለም ማለት አይገባም። እህቴ ከክፍል ጓደኞቿ ጋር የወንዙን አልጋ በቦታው ተገኝተው በሌቭል (በከፍታ መለኪያ መሣሪያ) ሊለኩ ተስማምተዋል፤ ስፍራው ላይ ያለው እውነተኛ ከፍታ ሲመጣ የዚያችን መታጠፊያ ስሌት ብቻ እደግመዋለሁ።

“ስንት ሰዓት ላይ እንደሚደርስስ ያውቃል?” ብለው ጠየቁኝ አዛውንቱ።

“አያውቅም፣ አባባ። የት እንደሚሄድ ብቻ ነው የሚያውቀው።” ለሰዓቱ የውሃውን ፍጥነት በየሰከንዱ ማስላት ያስፈልጋል፤ እያንዳንዷ ሰከንድ ደግሞ ያለፈችውን ሰከንድ ትጠብቃለች። ነጥቦቹን ለአራት ኮር ማካፈል ይቻላል፤ ሰከንዶቹን አይቻልም።

ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው ወረቀቱን አዩት። ከዚያ አራት ቦታ አጥፈው በሸሚዛቸው ኪስ ከተቱት። ወደ ክፍሌ ተመልሼ ሌላ ቅጂ አተምኩ።